ጎተራና ደመና

ስለ ኮምፒውተር የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ ኢንተርኔት ሁሌም አለ ብለው ነው የሚጀምሩት። ፋይልህን ክላውድ ላይ አስቀምጥ፣ ሶፍትዌሩን ስትፈልግ አውርድ፣ ያልገባህን ዩቲዩብ ላይ እይ። ምክሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ከምክሩ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ ኔት ሲጠፋስ?

ክላውድ ማለት ደመና ነው። የጎጃም ገበሬ ደመና ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ክረምቱን የሚያልፈው ግን ጎተራው ውስጥ ባለው እህል ነው። የእኔም የኮምፒውተር ፍልስፍና፣ ፍልስፍና ከተባለ፣ ከዚህ አይዘልም። ጥሩ ኮምፒውተር የምለው ራሙ ብዙ፣ ፕሮሰሰሩ ፈጣን የሆነውን ሳይሆን ኢንተርኔት በሌለ ቀን ሥራ የማያስፈታኝን ነው።

ይህን ያስተማረኝ እንጀራዬ ነው። የምሠራው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሰኔ 2011 እና ሰኔ 2012 ዓ.ም. አገር አቀፍ የኢንተርኔት መቋረጥ አይተናል፤ እነዚያ ግን በቀናትና በሳምንታት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀ ሰሞን የሞባይል ዳታ ሲጠፋ፣ እኛም ልማዳችን ነውና "ነገ ይለቀቃል" አልን። ነገው ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር፤ ወሩ ወራት።

ያኔ ኮምፒውተሮች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን አዲስ፣ ቀጭን፣ የሚያምር ላፕቶፕ ነው። በየወሩ የሚከፈልበት ኦፊስ ስላለው ለሳምንታት ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ "ማንበብ ትችላለህ፣ መጻፍ አትችልም" ይላል። የመመረቂያ ጽሑፉ ኢሜል ውስጥ ነው፤ ኢሜሉ ደግሞ የለም። ሁለተኛው ወገን ባትሪው ያለቀ፣ ከቻርጀር ከነቀሉት የሚሞት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ግን ሊብሬኦፊስ ተጭኖበታል፤ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፤ አንዴ ከጫናችሁት በቃ፣ የእናንተ ነው።

ስለዚህ ኔት ባለበት ጊዜ ጎተራ ሙሉ። ኪዊክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ዊኪፒዲያን በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ አቅም ይጠይቃል፤ ያለ ሥዕል ወይም በትምህርት ዘርፍ ተከፋፍሎም ይገኛል። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ ስልክ ላይም ይበቃል። ጉግል ዶክስ የምትጠቀሙ ከሆነ "ኦፍላይን" የሚለውን ቀድማችሁ አብሩት፤ ኔት ከጠፋ በኋላ ማብራት አይቻልም። በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ኔትወርካችሁን "ሚተርድ ኮኔክሽን" አድርጉት፤ አለበለዚያ ከምሳ የቆጠባችሁትን ፓኬጅ አፕዴት ይበላዋል።

ጎተራም ነቀዝ አለው። የኛ ሰፈር ነቀዝ ሾርትከት ቫይረስ ነው። አንድ ተማሪ ፍላሹን ይዞ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ይገባል።

"ብሮ፣ ፋይሌ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ፎርማት ልበለው?"

"ኧረ በፈጠረህ! እጅህን ሰብስብ።"

ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል እንጂ። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይሰውርና በእሱ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል፤ እሱን ስትነኩት ራሱን ያሰራጫል። ስለዚህ ሾርትከቱን አትክፈቱ። የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ አብሩ፣ የራሳችሁን ሰነድ ብቻ ወደ ንጹሕ ቦታ ቅዱ፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ደግሞ አንድ ፍላሽ ጎተራ አይባልም። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ ሌላ ቤት።

ሌላው ጣጣ የራሳችን ፊደል ነው። የቆዩት የግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የሚሥሉ ነበሩ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚለው የምልክት ክምር ይሆናል። ኔት ቢኖር ፎንቱን ፈልጋችሁ ትጭናላችሁ፤ ከሌለ ደብዳቤው እጃችሁ ላይ እያለ አይነበብም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው። ኪይማንን የመሰለ ነፃ የመጻፊያ ሶፍትዌር ጫኑና በዩኒኮድ ጻፉ። የዛሬ አሥር ዓመት የሚያነባችሁ ሰው ያመሰግናችኋል።

አሁን ደስ ወደማይለው ልምጣ። በዚያ ዘመን ፋይል በአውቶቡስ ይሄድ ነበር። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ አሰላሁት፦ 64 ጊጋባይት ፍላሽ በስድስት ሰዓት ቢደርስ በሰከንድ 24 ሜጋቢት ያህል ይሆናል። ብዙዎቻችን ቤታችን አይተነው የማናውቀው ፍጥነት! ለጓደኞቼ ነግሬያቸው ብዙ ሳቅን።

ከዚያ አንዲት ተመራቂ መጣች። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻዋን ከእኔ ጋር ነው ያዘጋጀችው፤ ትራንስክሪፕቱን ስካን አደረግን፣ ደብዳቤዋን አስተካከልን። ሁሉም ነገር ነበራት፤ የጎደላት የመላኪያ መንገድ ብቻ ነው። ፍላሹን አዲስ አበባ ለምትሄድ ዘመዷ ሰጠች። መንገዱ በየጊዜው ይዘጋ ነበርና ፍላሹ ሲደርስ ቀኑ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። በኋላ ልትነግረኝ ስትመጣ አላለቀሰችም። "ለሌላ ዓመት ሴቭ አድርግልኝ" ብላ ብቻ ሄደች።

ፎልደሯ አሁንም አለ፤ በሁለት ቅጂ። እና ስለ ጎተራ የማወራውን ሁሉ የማወራው ይህን እያወቅሁ ነው። ዕውቀት ይከማቻል፣ ሶፍትዌር ይከማቻል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይከማቻል። ቀነ ገደብ ግን አይከማችም። "ያለ ኢንተርኔትም ኖረናል እኮ" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው፣ ኖረናል። እሷ ግን ያንን ዓመት ያጣችው በስንፍና አልነበረም። ጎተራ ያለው ገበሬም ዝናብ ያስፈልገዋል፤ ጎተራው ዝናቡን ለመተካት ሳይሆን እስኪመጣ ድረስ ለመቆየት ነው።

እና ዛሬ ኔት ካላችሁ፣ የትም ሁኑ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ አንድ ነገር ሞክሩ። ማታ ለአንድ ሰዓት ዋይፋዩንም ዳታውንም አጥፉና የተለመደ ሥራችሁን ሥሩ። አልከፈት ያላችሁን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ኔቱን መልሱና ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን አውርዱ።