የኳስ ክለብ ጥንተ ልደት

በአገራችን ልጅ ሲዳር ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሙሽራው ከማን እንደ ተወለደ፣ አያቱ በምን እንደ ኖሩ፣ ቅድመ አያቱስ ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደ መጡ ሽማግሌዎች ሳይመረምሩ ነገሩ አይቆረጥም። ለኳስ ክለብ ግን፣ የአንድ ከተማ ሕዝብ ዕረፍቱን፣ ድምፁንና አንዳንድ ጊዜም ጤናውን ሳይቈጥብ የሚሰጠው ለርሱ ሆኖ ሳለ፣ ዘር የሚቆጥርለት ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ የሻሸመኔ ልጅ ስለ ሆንሁ፣ የሻሸመኔም ሰው አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «ከወዴት መጣህ? ወዴትስ ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅን ከከተማው አቀማመጥ የተማረ ስለ ሆነ፣ ይህንኑ ጥያቄ ለክለብም ላቀርብለት ወደድሁ።

የልደት ዘመናቸው ሳይጠፋ ከተገኙት ጥቂት ጨዋታዎች አንዱ የቅርጫት ኳስ ነውና ሐተታዬን ከርሱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ በሚገኘው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ብርዱ ከደጅ ያገዳቸው ጎልማሶች በአዳራሽ የሚደረገው የሰውነት ማጠንከሪያ ሰልችቷቸው መምህራኑን ያስቸግሩ ነበር። ያን ጊዜ ትምህርተ መለኮትን ያጠናው ካናዳዊው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ አዲስ ጨዋታ እንዲያወጣ ከአለቃው ታዘዘ። ለጨዋታውም ሁለት ሣጥን ፈልጎ የግቢውን ጠባቂ ቢጠይቀው፣ ጠባቂው ሣጥን አጥቶ የኮክ ፍሬ የሚለቀምባቸውን ሁለት ቅርጫቶች አመጣለት፤ እነርሱም በሰገነቱ መከታ ላይ በሚስማር ተመቱ። የሰገነቱ ቁመት እንዳጋጣሚ ዐሥር ጫማ ስለ ነበረ፣ ዛሬም በምድር ዙሪያ የቅርጫቱ ከፍታ 3.05 ሜትር ሆኖ ቀርቷል። የማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ ትውልድን በሚዘረዝርበት ሥርዓት ብንጽፈው፣ ክረምት መሰልቸትን ወለደ፤ መሰልቸትም ሁከትን ወለደ፤ ሁከትም ቅርጫትን ወለደ ማለታችን ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ በየወገኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ተጫውተው ኳሱ አንድ ጊዜ ብቻ ገባ፤ የቅርጫቱ ቂጥ ስላልተቀደደም የገባውን ለማውጣት ሰው ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ኔይስሚዝ በኋላ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆኖ ሲኖር ከድሉ ሽንፈቱ በዝቶ ዘመኑን ፈጸመ፤ ፍጡር ለፈጣሪው የማይታዘዝ መሆኑ በኳስም ዘንድ ታየ።

ይህ እንግዲህ የጨዋታው ልደት ነው። ለደመወዝ የሚጫወት ቡድን ጥንቱ ሌላ ነው፤ ልብ ብለው ቢመረምሩትም ከጽድቅ ይልቅ ወደ ኪራይ ይጠጋል። ጨዋታው ግፊያና ጩኸት በዝቶበት አዳራሹን ሁሉ ስለ ያዘ አንዳንድ የማኅበሩ ቅርንጫፎች ፊታቸውን አዞሩበት። እንደሚተረከው በ1896 በኒው ጀርሲ ግዛት የትሬንተን ከተማ ተጫዋቾች ከማኅበሩ ርቀው የፍሪሜሶኖችን አዳራሽ ተከራዩ፤ ኪራዩን ለመክፈልም ተመልካቹን መግቢያ አስከፈሉ። ሒሳቡ ሲዘጋ ገንዘብ ተርፎ ተገኘና ለእያንዳንዱ 15 ዶላር፣ ለአምበሉም ስለ ማዕርጉ አንድ ዶላር ተጨምሮለት ተከፋፈሉት። ስለዚህ የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስን ዘር የሚቆጥር ሰው፣ ከአባቶቹ መካከል አንድ ቤት አከራይ እንደሚገኝ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ከዚያ ወዲህ የትናንሽ ከተሞች ዘመን መጣ። ዛሬ የታላላቅ ከተሞች ጌጥ ከሆኑት ክለቦች አንዳንዶቹ የተፀነሱት በፋብሪካ ግቢና በገጠር አፋፍ ነው። በፎርት ዌይን ከተማ ፒስተን የሚያመርተው ፍሬድ ዞልነር በ1941 የፋብሪካውን ስም የያዘ ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑም በ1957 ፒስተኑ ወደሚገጠምበት ወደ መኪናው አገር ወደ ዲትሮይት ተሻገረ። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያሉ ጎረቤታሞች ከተሞች በአንድነት የኛ ይሉት የነበረ ቡድን በ1951 ወደ ሚልዋኪ፣ ከዚያ ወደ ሴንት ሉዊስ፣ በ1968ም ወደ አትላንታ ሄዶ ዛሬ አትላንታ ሆክስ ተብሎ ይጠራል። በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ ያለችው ትንሿ ሼቦይገን በአሜሪካ ታላቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ የቆየችው ከ1949 እስከ 1950 ድረስ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በፈረንሳይም ነዋሪዋ ዐሥር ሺሕ ያህል የሆነው ኦርቴዝ፣ በገበያ አዳራሿ ውስጥ እየተጫወተች በ1984 የአውሮፓ ክለቦች የሚወዳደሩበትን የኮራች ዋንጫ፣ በ1986ና በ1987ም የአገሩን ሻምፒዮናነት አገኘች፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ክለቡ ወደ ጎረቤቷ ትልቅ ከተማ ወደ ፖ ተወሰደ። ትንሽ ከተማ ክለብን ወልዳ፣ አጥብታና ድክ ድክ አስብላ፣ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ለባለጠጋ የምትሰጥ እናት ሆና ትኖራለች ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዘር ሐረጉ እምብዛም አይለይም። የቅርጫት ኳስን ለከተማ ልጆች ካስተዋወቁት ዋነኞቹ ትምህርት ቤቶችና በስፕሪንግፊልዱ ማኅበር አምሳል የተመሠረተው ወወክማ ናቸው፤ ወወክማም በደርግ ዘመን ንብረቱ ተወርሶበት ለዓመታት ዝም አለ። በእግር ኳስም የፋብሪካን አባትነት በድሬዳዋው ጥጥ ማኅበርና በወንጂ ስኳር እናየዋለን፤ ጥጥ ማኅበርማ የኢትዮጵያን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ የወሰደ ነው። የፋብሪካው አባትነት ሲላላ በቦታው ማዘጋጃ ቤቱ ተተካ፤ አዳማ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ እንዲሁም በ1996ና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ጎረቤታችን ሐዋሳ ከተማ የዚህ ትውልድ ልጆች ናቸው። የፋብሪካ ልጅ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይራባል፤ የማዘጋጃ ቤት ልጅ ደግሞ በጀት ሲዘገይ።

ለመሆኑ ሻሸመኔ የቅርጫት ኳስን ምን አድርጋ ተቀበለችው? በተማርሁበት ትምህርት ቤት ግቢ አንድ የቅርጫት ኳስ ምሰሶ ቆሞ ነበር፤ ኳሱ ግን አልነበረም። ብረት ቆሞ መዋሉ ያስቆጨው ሰው በላዩ የመኪና ቸርኬ ሰቅሎ ደወል አደረገው፤ እኛም በዕረፍት ሰዓት የጨርቅ ኳስ ወደ ቀለበቱ ስንወረውር ኳሱ እየሳተ ቸርኬውን ስለሚመታ፣ ዕረፍቱ ያለ ጊዜው አበቃ እየተባለ ተማሪው ሁሉ ወደ ክፍል ይገባ ነበር። በዚህ ምክንያት ጨዋታው በግቢያችን የተከለከለ ሆነ፤ በምድር ላይ ስለ ቅርጫት ኳስ የተደነገገው ሕግ ሁሉ ቢሰበሰብ እንዲህ ያለ አንቀጽ የሚገኝበት አይመስለኝም።

ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሞያሌው፣ የአርባ ምንጩና የባሌው መንገድ በሚለያዩበት መስቀለኛ ላይ የተቀመጠች ናት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በባሕር ማዶ ለሚኖሩ ጥቁር ወገኖች መሬት የሰጡት እዚሁ ነው፤ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡት ሰዎችም ውቅያኖስ አቋርጠው መጥተው ሰፈር መሥርተዋል። ከሩቅ መጥቶ መክረምን እንግዲህ ሻሸመኔ አታውቀውም አይባልም። የእግር ኳስ ክለቧ ግን በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጥቶ፣ በ2016 የውድድር ዘመን መጨረሻ ተመልሶ ወረደ፤ እንደ ሼቦይገን ሁሉ አንድ ዘመን ብቻ ቆየ ማለት ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን መውረዱ አይደለም፤ ሊግ መውጫና መውረጃ ያለው ነገር ነውና። ከኮሮና ወረርሽኝ ዘመንና ከቴሌቪዥን ሥርጭቱ ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦቹን ሁሉ ወደ ተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየሰበሰበ የሚያጫውት በመሆኑ፣ የዚያም ዓመት ውድድር በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ስለ ተካሄደ፣ የሻሸመኔ ሜዳ በገዛ ክለቡ የፕሪሚየር ሊግ ዘመን አንድም የፕሪሚየር ሊግ ግጥሚያ ሳያይ ዓመቱ አለፈ። የከተማው ሰው በቅርብ አገኘሁት ያለው ጊዜ ቢኖር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተሳፍሮ ሐዋሳ የሄደ ዕለት ነበር። የአሜሪካኖቹ ከተሞች ክለባቸው ሲሄድ ስሙም አብሮ ሄደባቸው፤ እኛ ዘንድ ስሙ በማልያው ላይ ቀርቶ ክለቡ በእንግድነት ይኖር ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ሊቃውንት ይፍረዱ።

እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ የዘር ቆጠራ የምደርስበት ነገር ይህ ነው፦ ክለብን የከተማ የሚያደርገው የሚጫወትበት ሊግ ማዕርግ ወይም በማልያው ላይ የተጻፈው ስም አይደለም፤ በከተማው መካከል ያለው ሜዳና በዚያ ሜዳ ላይ ያደጉት ልጆች ናቸው። ስፕሪንግፊልድ አዳራሽ ነበራት፤ ኦርቴዝ የገበያ አዳራሿን ሰጠች፤ ትሬንተኖችም ያጡትን ተከራዩ። ሻሸመኔም ገበያም ሆነ ገበያተኛ አጥታ አታውቅም። የከተማችን ሹማምንትና ነጋዴዎች ለመሬት ጥበት የሚጨነቁ እንደ ሆነ፣ የአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ስፋት የዐሥራ ሰባት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ስፋት ያህል መሆኑን ያስሉ። ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው 28 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ መሬት፣ በ3.05 ሜትር ከፍታ የተሰቀሉ ሁለት ቀለበቶችና ደወል ያልሆነ ምሰሶ ነው፤ ይህን ለልጆቹ መስጠት ያልቻለ ከተማ ከሌላ አገር ተጫዋች ለማስመጣት በጀት ባይዝ ይሻለዋል።