በአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ምክንያት የሰጠሁት ፍርድ

በባሕር ማዶ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ለልጄ አንዲት አውቶሞቢል ላከለት። አውቶሞቢል ማለቴ ሰው የሚሳፈርባት አይደለችም፤ ርዝመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፥ በባትሪ የምትሄድ፥ ከሩቅ በራዲዮ የምትታዘዝ ናት። የሠራት ታሚያ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ ሲሆን፥ ስሟ በእኛ ቋንቋ ፌንጣ ማለት ነው። ፋብሪካው በራዲዮ የሚታዘዝ መኪና መሸጥ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 ሲሆን፥ ፌንጣን በ1984 አወጣት፤ ወዳጇ ስለ በዛም በ2005 እንደ ገና ሠራት።

ሣጥኑ ሲከፈት ግን መኪና አልተገኘበትም። በየከረጢቱ የተለየ ብሎን፥ ጎማ፥ ጥርሳም መንኰራኵር፥ አንድ ሞተርና የሥዕል መምሪያ ብቻ ነበረ። ልጄ አዘነ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ በችሎት የሰው ክርክር ሲጽፍ ለሚውል ሰው፥ ማታ ካቻቪቴ ይዞ ብሎን ማጥበቅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሥራው አሥራ አንድ ማታ ፈጀብን። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ዲፈረንሻሉ ነው። መኪና በምትታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ይሄዳል፤ ሁለቱ እኩል ቢዞሩ አንዱ መንሸራተቱ አይቀርም። ስለዚህ በመካከል የተሰካኩት ትናንሽ ጥርሶች ለእያንዳንዱ ጎማ የሚገባውን ዙር ያካፍሉታል። ይህን ነገር ስንት ዓመት በመኪና ስሳፈር ሳላውቀው ኖሬ፥ ከልጄ ጋራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ተማርሁት።

መንዳቱ ግን አቃተኝ። መኪናዪቱ ከእኔ ስትርቅ ቀኟ ቀኜ ነው፤ ፊቷን ወደ እኔ ስትመልስ ግን ቀኟ ግራዬ ስለሚሆን፥ አድናታለሁ ስል ከግንቡ ጋራ አላትማታለሁ። ልጄ ሳቁን እየዋጠ፥ «አባባ፥ ከዚህ ቆመው አይዩዋት፤ ከውስጧ እንደ ተቀመጡ አድርገው ያስቡ» አለኝ። ምክሩ መልካም ነበረ፤ እኔ ግን ቶሎ አልያዝሁትም።

ራዲዮው ከሣጥኑ ጋራ የመጣ አይደለም። አጎቱ በወጣትነቱ ይጫወትበት የነበረውን፥ በ27 ሜጋኸርትዝ የሚሠራውን አሮጌ ራዲዮ ጨምሮ ላከልን። በእንዲህ ያለው ራዲዮ አንድ ክሪስታል በመላኪያው፥ አቻው ደግሞ በመኪናዪቱ ውስጥ ባለው ተቀባይ ይሰካል። ቡናማ፥ ቀይ፥ ብርቱካን፥ ቢጫ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ በሚባሉ ስድስት ቀለሞች ይለያል፤ የእኛ ቢጫ ነበረ። አጎቱ በደብዳቤው «ባለ አንድ ቀለም ሁለት ራዲዮ ባንድ ቦታ እንዳይከፈት ተጠንቀቁ» ሲል ጽፎ ነበር። እኔም በሰፈራችን ከእኛ በቀር ማን አለው ብዬ አለፍሁት።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ በሰፈራችን ሜዳ ጡብ ደርድረን፥ ልጄ ከጎረቤታችን ልጅ ጋራ አሥር ዙር ሊወዳደር ተነሣ። የዚያ ልጅ መኪና አዲስ ራዲዮ ያላት ናት። በዚያው ጧት ሁለቱ ተጣልተው፥ ልጄ «አሳይሃለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ዙር ፌንጣ ከመታጠፊያው ስትደርስ ድንገት ዞራ የባልንጀራዋን ጎን መታች፤ የዚያችም የፊት ጎማ ተገንጥሎ ወደቀ።

ልጄ፥ «እኔ አላዞርኋትም» አለ። ያን ጊዜ በጎረቤት ሁሉ ፊት፥ «ተንኰለኛ ብቻ ሳይሆን ውሸተኛም ነህ» ብዬ መላኪያውን ቀማሁትና ወስጄ ከሣጥን ቈለፍሁበት። በሥራዬ ተከሳሽ ቃሉን ሳይሰጥ ሲቀር መዝገቡ እንደማይዘጋ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ! ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋራ ከእህል ውሃ በቀር ሌላ ነገር አልተነጋገረም።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፥ ባትሪው እንዳይበላሽ ልፈትነው ብዬ በግቢያችን የፌንጣን ማብሪያ ብቻ ከፈትሁ። መላኪያው በሣጥን እንደ ተቈለፈ ነው። የፊት ጎማዎቿ ግን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ደንግጬ በአጥሩ ላይ ብመለከት፥ የጎረቤታችን የአምስት ዓመት ሕፃን ከሱቅ የተገዛች ርካሽ የመጫወቻ መኪና ይነዳል። መላኪያውን ተቀብዬ ገልብጬ ባነብበው 27 ሜጋኸርትዝ የሚል ተጽፎበታል። በውድድሩም ቀን ሕፃኑ ያችኑ ይዞ ከመታጠፊያው አጠገብ ቆሞ እንደ ነበረ ትዝ አለኝ። ልጄ ግን ከሜዳው ማዶ ነበረ፤ ስለዚህ በቅርብ ያለው የሕፃኑ ራዲዮ በሩቅ ያለውን የልጄን አሸነፈው።

ማታውን ልጄን ጠርቼ ያየሁትን ነገርሁትና፥ «በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ቈየና፥ «እኔስ ይቅር ብያለሁ፤ ጎረቤቶቹ ግን አልሰሙም» አለኝ።

እውነቱን ነው። በማግሥቱ እሑድ ሰው ሲሰበሰብ ጠብቄ፥ በዚያው ሜዳ ሕፃኑን ከነመጫወቻው አቁሜ ነገሩን በዓይናቸው አሳየኋቸው፤ ስለ ተናገርሁትም ቃል ልጄን በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅሁት። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ እንደ ነበረ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። የተሰበረውንም ጎማ ማሠሪያ ከፈልሁ።

ዛሬ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራው ራዲዮ መላኪያውና ተቀባዩ እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ ይህ ችግር የለበትም። አሮጌውን የያዙ ሰዎች ግን በውድድር ቦታ ለየቀለሙ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላሉ፤ የቀለሙን መቆንጠጫ ያልያዘ ሰው ራዲዮውን አይከፍትም። እኛም ይህንኑ ሥርዓት በሜዳችን አቆምን። ባለፈው እሑድ ሕፃኑ ቢጫውን መቆንጠጫ ከሸሚዙ ላይ ሰክቶ አልሰጥም ስላለ፥ ልጄ ፌንጣን በብብቱ ይዞ ተራው እስኪደርስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆሞ ጠበቀ።