የማታ እማዬ

አዲስ አበባን ሲመሽ ከፎቅ ላይ ሆነው አይተዋት ያውቃሉ? እኔ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ ሕንፃ 11ኛ ፎቅ ላይ፣ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ወደድኩም ጠላሁም ብዙ ምሽት አይቻታለሁ። እውነቱን ለመናገር ታምራለች። ቀን ዐይን የሚያደክመው አቧራና የግንባታ ክምር ይጠፋና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። የንግድ ባንክ ሕንፃ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በስተሰሜን መብራቱ የሚያልቅበትን ሲያዩ እንጦጦ ከዚያ እንደሚጀምር ያውቃሉ።

የእኔ ዐይን ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው የልደታ ኮንዶሚኒየም መስኮቶች ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ በየወጥ ቤቱ መብራት ይበራል፤ ጥላ ወዲያና ወዲህ ይላል። በመስታወት ታጥሬ ተቀምጬ እንኳ ቁሌቱ የሚሸተኝ ይመስለኛል።

በዚያው ሰዓት የ5 ዓመቷ ልጄ በአባቷ ስልክ ትደውላለች። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዛሬ የማታ እማዬ ነሽ ወይስ የጠዋት እማዬ?» የማታዋ እማዬ የምታጎርሳት፣ ተረት የምታወራላት ናት። የጠዋቷ ጫማ እያሰረች «ቶሎ በይ፣ ሰርቪስ መጣ!» የምትለው ናት። ይህን አከፋፈል ማንም አላስተማራትም፤ ራሷ ናት ያወጣችው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራም የሚፈቀደው እንደ አስቸኳይ ሥራ ባሉ ምክንያቶች ሲሆን፣ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ 1.75 ነው። እርስዎም የሥራ ውልዎን አውጥተው ቢያዩት አይከፋም።

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ማምሸት ግድ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም፣ በዚህ አላጉረመርምም። የጥሩ ግን ምን ይሉታል? በጥር ሥራው 11 ሰዓት ላይ አልቆ፣ አለቃ ስላልተነሣ ብቻ ሁላችን ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠን እንቀመጣለን። አንድ ባልደረባችን ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ሹልክ ይላል፤ ጃኬቱ ያመሽለታል። ይህ ልማድ እንጂ ትጋት አይደለም። የልጄን እራት ለሥራ እሰጣለሁ፣ ለልማድ ግን አልሰጥም።

ይህንኑ ለአለቃዬ ነገርኩት፤ መዝጊያ ሲሆን አመሻለሁ፣ በሌላው ጊዜ ሥራዬን ከጨረስኩ በ11 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ አልኩት። «ሁሉም እንዲህ ቢለኝስ?» አለኝ።

«ሁሉም ልጅ አለው እኮ!» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሣውም። እኔም በሰዓቴ እየወጣሁ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሊፍቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አንደኛው ጃኬቱን ለብሶ ነበር።