በወንጌሉ ትርፍ ገጾች ላይ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር ይገባል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲያየው ግን ዙሪያውን ውሃ የከበበው ደሴት ነበር። መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ ይመላለሱ እንደነበር፣ ግቢው ሎሚና ብርቱካን፣ ትርንጎም የሞላበት እንደነበር ጽፏል። ጉማሬም አይቷል። ከዚያ ወዲህ ውሃው እየሸሸ ደሴቱን ከየብስ አገናኝቶት ልሳነ ምድር ሆኗል።

ከደሴ ተነስቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ያደርሳል። ውሃው ድንገት ነው የሚታየው። ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። የአገሩ ሰው አፈጣጠሩን ሲያወጋ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ ወደ ፈጣሪዋ አለቀሰች፤ ፈጣሪም ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው ይላል። ይህን ወግ እወደዋለሁ። በአንዲት የተበደለች ሴት እንባ ተጠበቀ የሚባለው መሬት ዛሬ ለሴት የተከለከለ መሆኑ ግን ሳስበው ቆይቻለሁ። ወደ ገዳሙ የሚገባው ወንድ ብቻ ነው።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ አንድ መጽሐፍ ነው። የሐይቁ አራቱ ወንጌል ይባላል፤ ያስጻፉት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር መንኩሰው፣ መጻሕፍትን መገልበጥ ተምረው፣ በ1248 ወደ ሐይቅ መጡ። ከእርሳቸው በፊት በስፍራው ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ ትውፊት ይናገራል፤ ትምህርት ቤቱን ያቆሙት ግን እርሳቸው ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረዋል። የጣናው የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች አባ ሂሩተ አምላክም ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ፊደል የቆጠሩት በዚሁ ደብር ነው። ይኩኖ አምላክ በ1270 ሲነግሥ የሐይቅ አበ ምኔት በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ አገኙ፤ ዐቃቤ ሰዓት የሚባለው ማዕረግም ከደብሩ ጋር ለዘመናት ተሳስሮ ኖረ።

ወንጌሉ የተጻፈው በ1280 ወይም በ1281 ነው። ዘመናቸው በውል ከታወቁ ባለ ሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ከቅዱሳኑ ሥዕሎች መካከል የአባ ኢየሱስ ሞዐ ምስል ይገኛል፤ በሕይወት ሳሉ የተሳለ ነው። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያየኝ ቃል አጣሁ። አብረውኝ የነበሩት አባት ዝምታዬን ገምተው፣ «ልጄ፣ አባታችን ናቸው፤ ተሳለማቸው» አሉኝ። ተሳለምኩ።

ይበልጥ የማረከኝ ግን ከወንጌሉ ቃል ውጭ ያለው ጽሑፍ ነው። የጥንት መነኮሳት ታሪክ የሚጽፉበት ለብቻው የተዘጋጀ ደብተር አልነበራቸውም። የነበራቸው ይህ ወንጌል ነው፤ በባዶ ገጹና በኅዳጉ ላይ ጻፉ። ንጉሡ ለደብሩ የሰጠው ርስት፣ በየጊዜው የተሾሙት አበ ምኔቶች፣ የደብሩ መጻሕፍት ዝርዝር፣ ሁሉም እየተጨመረ ሄደ። አንድ ቤተሰብ የውል ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ሣጥን እንደሚያኖር፣ ደብሩም የከበደውን ነገር ሁሉ በዚህ መጽሐፍ አኖረ። በወንጌል ላይ የተጻፈ ነገር ሊካድ አይችልም፤ ምስክሩ መጽሐፉ ራሱ ነው፤ የሚፍቅ ሰው ግዝት ይጠብቀዋል። አሁን የታሪክ ማኅበር ሥራ የምንለው፣ መመዝገቡ፣ መጠበቁ፣ ለተተኪ ማስረከቡ፣ እዚህ ማንም ስም ሳያወጣለት ሲሠራ ኖሯል።

ይህ መዝገብ ለታሪክ ጸሐፊ ምን እንደሚያስገኝ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት አሳይተዋል። ከ1248 እስከ 1535 ደብሩን የመሩትን አበ ምኔቶች ተራ ከእነዚህ ማስታወሻዎችና ከገድላቱ አዛምደው በ1970 አሳተሙ። እንዲህ ያለ የተያያዘ የአበ ምኔቶች ተራ ማግኘት ለአንድ የአፍሪካ ተቋም ብርቅ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ገድልም በ1965 በስታኒስላስ ኩር አማካይነት ታትሟል።

መጽሐፉ እንዴት ተረፈ? የመጀመሪያው ጠባቂ ውሃው ነው። በ1531 የኢማም አህመድ ጦር ሐይቅ ደረሰ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ በፉቱሕ አል-ሐበሻ እንደሚተርከው፣ ወታደሮቹ ወደ ደሴቱ የሚሻገሩበትን ታንኳ አዘጋጁ፤ መነኮሳቱ ግን ወርቅና ብሩን ሰጥተው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት አዳኑ። ወርቁ ሄደ፤ ወንጌሉ ቀረ። ይህ የመነኮሳቱ ምርጫ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ወርቅ ይገዛል፣ የደብሩ ስም ዝርዝር ግን ሌላ ቦታ የለም።

ሁለተኛው ጠባቂ ካሜራ ነው። በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤት ተቋቁሞ፣ ከየገዳሙና ከየደብሩ የመጡ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ፎቶ አነሣ። የሐይቁ ወንጌል በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። ቅጂው የሚገኘው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ነው። እዚያ ሆነው የመጻሕፍቱን ዝርዝር ካዘጋጁት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1975 በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የቀሩት ሊቅ፣ ከአገራቸው ርቀው ወንጌሉን ከፊልሙ ላይ አነበቡት። በ2021 ሲያርፉ ስማቸው በአገሩ ሁሉ ተወሳ፤ በዚህ ደብር ግን ከወንጌሉ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት ስም ይመስለኛል።

ፊልሙ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የአካባቢው ሰው ስለ 2014 ዓ.ም. ሲያወራኝ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ያን ጊዜ ደሴንም ሐይቅንም አልፏል። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚያስብበት ጊዜ ነበር። የብራና ሸክም ቀላል አይደለም፤ ርጥበት፣ አይጥና ጢስ ራሳቸው ጠላት ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛው ጠባቂ፣ ማለትም ቁልፉን የሚይዘውና ገጹን በንጹሕ እጅ የሚገልጠው መነኩሴ፣ ከሁሉም የሚልቅ ሆኖ አየሁት። ወንጌሉን ማኅደሩ ውስጥ ሲመልሱ የነበራቸው ጥንቃቄ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ጥንቃቄ ነበር።

ከሐይቅ ከተማ ወደ ሰሜን ከቀጠሉ አምባሰል ተራራ ይገጥማል፤ የእቴጌ መነን አስፋው አገር ነው። ከዚያ አልፎ ውጫሌ አለ፤ አጼ ምኒልክ በ1889 ከጣሊያን ጋር ውል የተዋዋሉበት ይስማ ንጉሥ በዚያው አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ታሪክ የሚማር የከተማው ተማሪ ግን የአባ ኢየሱስ ሞዐን ምስል አያውቀውም፤ ወንጌሉ የሚታየው ገዳሙ ውስጥ ነውና ሴት ልጆች ጭራሽ ሊያዩት አይችሉም። ቅጂው ግን ፊልም ላይ አለ። ገዳሙ ፈቅዶ፣ ትምህርት ቤቶቹ ጠይቀው፣ የወንጌሉ ማስታወሻዎች ወደ አማርኛ ተተርጉመው ከምስሉ ጋር ታትመው ቢቀርቡ፣ የሐይቅ ልጆች ደብራቸው ያስጻፈውን መዝገብ በእጃቸው ይይዙ ነበር። ጥያቄውን ለገዳሙ አባቶች አንስቼላቸዋለሁ፤ አልከለከሉም።