ሳይጨርስ የሚተው ፍርሃት

የሳንጃን የመጋቢት ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ማታ ማታ አልጋችንን ወደ ግቢ እናወጣለን። ባለፈው ዓመት በዚያው ወር ግን የዘጠኝ ዓመት ልጃችን «ውጭ አልተኛም» አለ። በር ዘግቶ፣ አንሶላ ተከናንቦ፣ በላብ ተጠምቆ አደረ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ።

ቀስ ብለን ስንጠይቀው ነገሩ ወጣ። አንድ ጓደኛው በስልክ ያሳየው አስፈሪ ነገር ነበር። ፊልሙ እንኳ አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ የፊልም ማስታወቂያ፣ ትሬይለር የሚሉት ብቻ ነው። እኔ ወዲያው ተቆጣሁ። «ሁለተኛ ስልክ ስትነካ ባይህ!» አልኩት። ባለቤቴ ግን፣ «ተው እንጂ፣ መጀመሪያ ምን እንዳየ እኛም እንየው» አለችኝ። 2ኛ ጢሞ. 1፥7ን አንብበን ጸለይንለት፤ ልጁ ከተኛ በኋላም ማስታወቂያውን ፈልገን ሁለታችን አየነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ደነገጥኩ። ደግመን ስናየው ግን አሠራሩ ገባን። መጀመሪያ ደስተኛ ቤተሰብ ወደ አዲስ ቤት ይገባል። ቀጥሎ ትንሽ ነገር ይታያል፤ በራሱ የሚከፈት በር፣ ማንም ሳይነካው የሚንከባለል ኳስ። ካሜራው ከሰውየው ጀርባ ይሆንና ከትከሻው ኋላ ያለውን ጨለማ እንድንጠብቅ ያደርገናል። ሙዚቃው ይቆማል። «ዳነ» ስንል ድንገት ይጮኻል! የፊልሙ ስም ይወጣል፤ «አለቀ» ብለን ስንተነፍስ ደግሞ አንዴ ያስደነግጠናል።

ይህን ሳይ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። የቪዲዮ ቤት መግቢያ ሳንቲም ስለሌለን ደጅ ቆመን በድምፅ ማጉያው የሚወጣውን ጩኸት ብቻ እንሰማ ነበር። አውሬውን የምንፈጥረው በልባችን ነው። አንድ ቀን ሳንቲም አግኝቼ ስገባ አውሬው ከላስቲክ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ደጅ ሆኜ የሰማሁት ግን ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

የፊልም ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ለወጣው «ሳይኮ» በተሠራው ማስታወቂያ ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ራሱ እንደ አስጎብኚ ተመልካቹን በባዶ ክፍሎች ያዞራል። የሆነውን ሊናገር ይጀምርና ይተወዋል። መጨረሻ ላይ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ሲገልጥ አንዲት ሴት ትጮኻለች። በ1979 የ«ኤልየን» ማስታወቂያ ውስጥ አንድም ሰው ሲናገር አይሰማም፤ እንደ ሳይረን እየተደጋገመ የሚያስጨንቅ ድምፅ ግን አለ። የ1980ው «ዘ ሻይኒንግ» ደግሞ የተዘጋ የሊፍት በር ብቻ እያሳየ ያቆየንና ደም እንደ ጎርፍ ይለቅቃል። በ2009 ለ«ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የተሠራው በጨለማ ሲኒማ ቤት ተመልካቾች ሲደነግጡ ያሳያል፤ ሌላ ሰው ሲፈራ ማየት በራሱ ያስፈራልና።

ሴት አያቴም ይህን ጥበብ ታውቅ ነበር። የጭራቅ ተረት ስትነግረን ድምጿን ዝቅ፣ ዝቅ ታደርግና ድንገት ጉልበታችንን ትይዘን ነበር። ነገር ግን አያቴ ተረቱን ትጨርሰዋለች፤ ከዚያም አቅፋ ታስተኛናለች። ማስታወቂያው ግን ሆን ብሎ ሳይጨርስ ይተዋል፤ መጨረሻውን ለማወቅ ትኬት ቁረጡ ነው ነገሩ። ትኬት የማይቆርጥ ሕፃን ግን ያልተጨረሰውን ፍርሃት ተሸክሞ ይተኛል።

በማግስቱ ቀን በብርሃን ልጃችንን መካከላችን አስቀምጠን፣ ድምፁን ዘግተን አሳየነው። እናቱ «አሁን ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እያለች ትጠይቀዋለች። ሦስተኛው ላይ ቀድሞ ነገራት፤ ሳቀም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባዬ፣ አንተም እኮ ስትቆጣ መጀመሪያ ዝም ትላለህ» አለኝ።

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከሥራ ተናድጄ ስገባ ማንንም ሳላናግር እቀመጣለሁ። እራት በዝምታ ይበላል። ልጆች እጄን ያያሉ፣ እናታቸው ፊቴን ታያለች፤ ጩኸቱ መቼ እንደሚመጣ ሁሉም ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን ጩኸቱ ሳይመጣ ይቀራል። ግን ሳይጨርስ የሚተው ፍርሃት እንደማያስተኛ አሁን አይቻለሁ። ስልኩን ልነጥቀው የቸኮልኩት እኔ፣ በቤቴ ያንኑ አሳይ ኖሬያለሁ።

በዚያ ማታ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ወዲህ ተናድጄ ስመጣ ገና ከደጅ፣ «ዛሬ ሥራ ቦታ ተናድጃለሁ፤ በእናንተ አይደለም፤ ጥቂት እረፍት ስጡኝ» እላለሁ። ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልላችሁም። ስረሳ ባለቤቴ «ድምፁን ክፈተው» ትለኛለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባኛል።

ልጃችን ያኔውኑ ውጭ አልተኛም። በሦስተኛው ቀን አልጋውን እየጎተተ ከአልጋችን አጠገብ አስጠጋ። በሳምንቱ ወደ ቦታው መለሰው።

እናንተ አባቶችና እናቶች፣ ልጆቻችሁ የሚያዩትን መጠበቃችሁ መልካም ነው። የፈራ ልጅ ሲኖር ግን አትቆጡት፤ በቀን አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ የፈራውን ነገር እስከ መጨረሻው አውሩት። ቤታችሁ ውስጥስ ሳይነገር የሚጠበቅ ነገር አለ? ዛሬ ማታ ሳይመሽ ተነጋገሩበት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።