ደቻቱን የሚያበርደው ማን ነው?

ድሬዳዋ ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ፣ በቆላው ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር የሐረርን ተራሮች መውጣት ስላዳገተው በ1895 ዓ.ም. ከዚሁ ሜዳ ደረሰ፤ ከተማይቱም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በአንደኛው ዳር ከዚራ፣ በሌላው ዳር መጋላ ይገኛሉ።

የደንገጎን ቁልቁለት ጨርሰን ወንዙን ለማየት በሄድን ጊዜ ያገኘነው ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ይህ ወንዝ ነው ቢሉት እንግዳ የሆነ ሰው ለማመን ይቸግረዋል። ዳሩ ግን በደጋው ላይ ዶፍ በወረደ ጊዜ፣ በከተማይቱ ብዙ ዝናም ባይጥልም እንኳ፣ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል።

በ1998 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ጾመ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐምሌ 29 ለ30፣ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት፣ ደቻቱ ሕዝቡን በተኛበት ደረሰበት። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩትም መጠለያ አጡ። ውኃው የክርስቲያኑን ቤት ከሙስሊሙ ቤት አልለየም፤ ከዚያም ወዲህ ኀዘኑ የጋራ እንደ ሆነ ሁሉ ጥበቃውም የጋራ መሆን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጣውን ውኃ ይመራል እንጂ ከመነሻው አያበርደውም። የጎርፉ መነሻ ያለው ከላይ ነው። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጦ፣ ተዳፋቱ ታርሶ አፈሩ ሲሳሳ፣ ዝናሙ ወደ ምድር መስረጉን ትቶ በአንድ ጊዜ ይንደረደራል።

ስለዚህ በአገራችን ገበሬው በበጋ ወራት የጉልበቱን ዋጋ ሳይቀበል በየተፋሰሱ እርከን ይሠራል፤ በቦረቦሩም ላይ የድንጋይ ክትር ያቆማል። ይህ ከአባቶቻችን ደቦና ወንፈል የራቀ ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባም ወጣቱ በበጎ ፈቃድ ችግኝ ይተክላል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም ይህ ተከላ «አረንጓዴ አሻራ» በሚል ስም አገር አቀፍ ሆኗል። እርከኑ ውኃውን ያዘገየዋል፤ ክትሩ ደለሉን ይይዛል፤ የዛፉ ሥር ደግሞ አፈሩን ያጸናል።

ጥቅሙ ጎርፍን ማብረድ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ይህም ውኃ ከደጋው ዝናም ይታደሳል። እንግዲህ በተራራው ላይ ቀስ ብሎ የሰረገው ውኃ በሜዳው የጉድጓድ ውኃ ይሆናል፤ ሳይሰርግ የሮጠው ግን ቤት ያፈርሳል። ውኃው አንድ ነው፤ የሚለየው አመጣጡ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚያሠጋው ነገር ችግኙ ከተተከለ በኋላ መረሳቱ ነው። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማጽደቅ ግን የዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍየል ይበላዋል፤ የቆላ ፀሐይ ያደርቀዋል። ዙሪያው የተራቆተ ተራራ ሆኖ ሳለ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ለምልሞ የምናየው፣ በዚያ ያለው ዛፍ ጠባቂና ባለአደራ ስላለው ነው። በደቻቱ ተፋሰስ የሚተከለውም ችግኝ እንዲሁ ባለአደራ ያስፈልገዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ችግኝ ተክለው ሲመለሱ አመስግኗቸው፤ በበጋም የት እንደ ደረሰ ጠይቋቸው። በወንዝ ዳር የምትኖሩም ቆሻሻን ወደ አሸዋው አትጣሉ፤ የውኃውን መንገድ ይዘጋልና። በቁልቢ ገብርኤል በዓል በድሬዳዋ በኩል የምታልፉ ምእመናንም፣ ደንገጎን ስትወጡ ዓይናችሁን ወደ ተዳፋቱ መልሱ። በዚያ በተራ የተደረደረው ድንጋይ ከታች ለሚተኛው ሕዝብ የተሠራ አጥር ነው።