ማሕፀኔና ውሳኔዬ

የሰው ልጅ ስለ ገዛ አካሉ የሚሰጠው ውሳኔ የግሉ ብቻ ቢመስልም ኅብረተሰቡ ድርሻ ይጠይቅበታል። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙት ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ያጠቃል። እኔንም በየወሩ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት እየነጠለ አልጋ ላይ ይጥለኛል። ማስታገሻውም ሆርሞኑም አልበቃ ሲል ሐኪሜ ማሕፀኔ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። እናቴ ግን «ዓይንሽን በዓይንሽ ሳታዪ?» አለችኝ።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሂላሪ ማንቴል በ27 ዓመቷ ማሕፀኗና እንቁላል አመንጪ ዕጢዎቿ ከወጡ በኋላም ሥቃዩ ተመልሶባታል፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ግለ ታሪክ ገልጻዋለች። ከማሕፀን ውጭ የተዛመተው ካልተነቀለ ማሕፀንን ማውጣት ብቻውን ፈውስን አያረጋግጥም። ዕጢዎቹ ከወጡ ደግሞ ማረጥ ያለ ጊዜው ይመጣል።

ይህን ሁሉ መዝኜ ወስኛለሁ፦ ማሕፀኔ ይውጣ፤ የተዛመተውም አብሮ ይነቀል፤ ዕጢዎቼ ጤነኞች ከሆኑ ይቆዩ። እናቴንም «እማዬ፣ ልጅ አለመውለዴ እኔንም ያሳዝነኛል፤ አንቺ የወለድሽውን አካል ግን ከሥቃይ ላድነው ይገባኛል» አልኋት።